ተጠባባቂ ነን

«በየትኛው ካርድ ልክፈል?» አለች ሶክ ሁዋ።

የቀብር አስፈጻሚው ሰውዬ የካርድ ማሽኑን እንደያዘ ግራ ገባው። «የትኛውም ይሆናል፣ አንቲ። ዛሬ ካልተመቸዎትም ችግር የለም፤ ሐሙስ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ መክፈል ይችላሉ።»

«የትኛውም አይሆንም» አለችና ቦርሳዋን ከፈተች።

ለቅሶው የተቀመጠው ቶአ ፓዮ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ባለው ክፍት ወለል ላይ ነው። በክብ ጠረጴዛዎቹ ዙሪያ ኦቾሎኒ የሚፈለፍሉትና የሐብሐብ ፍሬ የሚቆረጥሙት ለቅሶ ደራሾች በአንድ ጊዜ ወደ እሷ ዞሩ። የባሏ ታላቅ እህት ኪም ላን ወደ አፏ ያስጠጋችውን ኦቾሎኒ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ይህን ጥያቄ ያልሰማ የለም። ግን ሁልጊዜ የሚሰማው ከአንድ ሰው አፍ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ አሁን ከነጩ መጋረጃ ጀርባ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል።

ሶክ ሁዋም ምን እንዳለች የገባት ካለችው በኋላ ነው። ካርዶቹ እጇ ላይ ናቸው። ባሏ ቡን ኬንግ እንዳትሳሳትበት በእያንዳንዱ ላይ ባለቀለም ወረቀት ቆርጦ ለጥፎበታል፤ «ምግብ»፣ «ሐኪም»፣ «አውቶቡስ»፣ በአንዱ ላይ ደግሞ «ይህን እኔን ሳትጠይቂ እንዳትነኪ»። አገላብጣ አየቻቸው።

«የለቅሶ አልለጠፈልኝም» አለች። ከሞተ ጀምሮ ያልመጣላት እንባ ያኔ መጣ።

ልጇ ፔይ ሻን ፈጠን ብላ መጣችና በራሷ ስልክ ከፈለች፤ ከዚያ እናቷን ደግፋ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ሰውዬው ምን እንዳጠፋ እንኳ ሳያውቅ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ።

ቡን ኬንግ በሙያው ኤርኮንዲሽነር ጠጋኝ ነበር። ልቡ ግን ያለው ነጥብ ላይ ነው። ባንክ በካርዱ ለሚገዛ ሰው ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ተጠራቅሞ ወደ ማይል ይለወጣል፤ ማይሉ የአውሮፕላን ትኬት ይሆናል። አንዱ ካርድ ለምግብ ብዙ ነጥብ ይሰጥና ለመድኃኒት ይሰስታል፤ ሌላው ደግሞ የዚያን ተቃራኒ ያደርጋል። ይህን ሁሉ ቡን ኬንግ በቃሉ ነው የሚያውቀው። ሚስቱ ዓሣ በጥሬ ገንዘብ ገዝታ ስትመጣ «ባከነ» ይልና እውነት የሆነ ነገር የሞተበት ይመስል አንገቱን ይደፋል።

ዘመድ ተሰብስቦ ምግብ ቤት ሲበላ ሂሳቡን ሌላ ሰው ሲከፍል ማየት አይችልም። ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ይነሳና በካርዱ ከፍሎ ይመለሳል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ድርሻውን በስልክ ይልክለታል። «ወንድሜ ሽንቱ ከመጣ ሂሳብ መጣ ማለት ነው» ትል ነበር ኪም ላን። እሱም አብሯቸው ይስቃል። የማትስቀው ሶክ ሁዋ ነበረች። ታፍርበት ነበር። ባንኮቹ ለአዲስ ደንበኛ በስጦታ የሚሰጡት ሻንጣ ቤቱን ሞልቶታል፤ አውሮፕላን ቀርቶ ሊፍት ውስጥ እንኳ ከአንድ ጊዜ በላይ አልገቡም። እሷ ብርድ ልብስና የአዲስ ዓመት ልብስ ታስቀምጥባቸዋለች።

ከሁሉም ያልረሳችው ግን የእናቷን ለቅሶ ነው። ያኔም ሂሳቡን በካርድ ከፍሎ ደረሰኙን እያየ ፈገግ ሲል አይታዋለች። «በእናቴ ሬሳ ነጥብ ትሰበስባለህ?» አለችው። ደረሰኙን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችውም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሰው በዛ። ለቅሶ ደራሾቹ እጣን ይለኩሳሉ፣ ለፎቶው ይሰግዳሉ፣ ቁጭ ብለው የካርቶን ጭማቂ ይጠጣሉ፤ ሲሄዱ የሞት ጥላ እንዳይከተላቸው ከሳህኑ ላይ ቀይ ክር አንስተው ሳይሰናበቱ ይወጣሉ። በመሃል ደግሞ ይንሾካሾካሉ።

«ያ ሁሉ ነጥብ ምን ሊሆን ነው?»

«አብሮት ይቀበራላ። አንድ ቀን እንኳ ሳይበርበት!»

«ሰበሰበ፣ ሰበሰበ፣ ሄደ» አለች ኪም ላን፤ ድምፅ መቀነስ ድሮም አይሆንላትም።

ሶክ ሁዋ ሰምታለች። አልተቆጣችም፤ እሷም ያንኑ እያሰበች ነበር። ሰውዬው ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ወድቆ ሲሞት እንኳ አዲስ ሻንጣ ሊቀበል እየሄደ ነበር።

ሴልቫም የመጣው ያን ጊዜ ነው። ሴልቫም አምስተኛ ፎቅ የሚኖር ጡረታ የወጣ ታክሲ ነጂ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከቡን ኬንግ ጋር እታች ሻይ ቤት ቁጭ ብለው የባንኮችን ወሬ ሲለዋወጡ ያረፍዱ ነበር። ነጭ ሸሚዙን በደንብ ተኩሶ ለብሷል። ፎቶው ፊት ቆሞ እጆቹን ካጋጠመ በኋላ ከሶክ ሁዋ አጠገብ ተቀመጠ።

«ከእንግዲህ ሻዬን በማን ካርድ ልጠጣ?» አላት። ቀልድ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን መሃል ላይ ተሰበረበት።

እሷም እጁን ያዝ አደረገችው። ወዲያው የሟቹ ስልክ ጮኸ። ስልኩን የያዘችው ፔይ ሻን ናት፤ ለአባቷ ወዳጆች መርዶ የምትነግረው በእሱ ነው። አነበበችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማ፣ ከአየር መንገዱ ነው።» ጮክ ብላ አነበበችው። «ደስ የሚል ዜና አለን። ወደ ዙሪክ በሚደረገው በረራ በቢዝነስ ክላስ ለሁለት ሰው የጠየቁት ቦታ ተገኝቷል። ከእንግዲህ ተጠባባቂ አይደሉም። እስከ ሐሙስ ምሽት ያረጋግጡ።»

ተጠባባቂ። ቃሏ ሶክ ሁዋን ደረቷ ላይ መታቻት። በነጥብ የሚሰጥ ወንበር ጥቂት ስለሆነ ሰው ስም ያስመዘግብና ይጠብቃል። ቡን ኬንግ በየዓመቱ ያስመዘግባል፤ በየዓመቱ ሳይደርሰው ይቀራል። መጣ ወይ ስትለው «ተጠባባቂ ነን» ነው መልሱ። እያደር የቤቱ ቃል ሆነች። ሊፍት ሲበላሽ ተጠባባቂ ነን። ሩዙ አልበስል ሲል ተጠባባቂ ነን። ሐኪም ቤት ተሰልፈው የልቡ ምርመራ ውጤት ሲዘገይም፣ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብሎ «አይዞሽ የኔ አሮጊት፣ ተጠባባቂ ነን» ብሏት ነበር።

«በረራው መቼ ነው?» አለ ሴልቫም። ፔይ ሻን ቀኑን ስትነግረው ሴልቫም በጣቱ ቆጠረ። «እሱማ መቶው ቀን ወጥቶ፣ ሐዘናችሁም አልቆ ነው። ነጥቡ ደግሞ ያኔ ሲመዘገብ ተቆርጧል። አሁን እሺ ማለት ብቻ ነው የሚፈልጉት። ስም መቀየር አይቻልም፤ አንዱን ማስወጣት ግን ይቻላል።»

«አይሆንም» አለች ኪም ላን። «የሟች ስም ያለበት ወንበር አጠገብ ልትቀመጥ? ሟች ጎኑ ባዶ ከሆነ ሰው ይጠራል።»

«እሱን አስወጥታ ብቻዋን ትሂድ ነው የምልሽ።»

«ይቅር» አለች ሶክ ሁዋ። ቁጣዋ ከየት እንደመጣ አላወቀችም። «ዙሪክ ማን አለኝ? በሕይወቱ ገበያ እንኳ በሰላም ያልወሰደኝ ሰው አሁን ሞቶ ዙሪክ ይላከኝ? ይቅርብኝ።»

ሴልቫም የሐብሐብ ፍሬውን ልጣጭ በጣቱ ሰበሰበ።

«ዙሪክን ፈልጎ አይደለም እኮ» አለ። «እኔም ጠይቄው ነበር፤ አንተ ሰውዬ፣ ዙሪክ ምን አለህ አልኩት። ምንም የለኝም አለኝ። ሁለት ጊዜ ምግብ የሚቀርብበት ሩቅ አገር ይሁን እንጂ፣ የትም ቢሆን ግድ የለኝም አለኝ።»

«ለምግብ ብሎ?»

«ለናፕኪኑ ብሎ። አልነገረሽም?»

አልነገራትም።

ሶክ ሁዋ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ የበረራ ምግብ ማዘጋጃ ውስጥ ሠርታለች። ሥራዋ የቢዝነስ ክላስ ትሪ ማሰናዳት ነው። ነጩን የጨርቅ ናፕኪን ታጥፋለች፤ ሹካና ቢላዋ የሚገባበት ኪስ ታወጣለታለች፤ በመጨረሻ ጥጉን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገዋለች። አለቃቸው ነበረች እንዲህ ያስተማረቻቸው፤ እንግዳው ከመፍታቱ በፊት እንዳይፈታ። አንድ ምሽት አውራ ጣቷ አብጦ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት አጥፌ አንድም ሰው ሲፈታው አይቼ አላውቅም» ብላ ነበር። ቡን ኬንግ ጋዜጣ እያነበበ ነው። ቀና እንኳ አላለም። እሷም የነገረችው መልስ ፈልጋ አልነበረም፤ ድካም ነው ያናገራት።

የመጀመሪያው ካርድ በፖስታ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን ነገሮች አያይዛቸው አታውቅም።

«ለሰው ስታጥፍ ኖረች፤ አንድ ቀን ሌላ ሰው አጥፎላት እሷ ትፍታው ነው ያለኝ» አለ ሴልቫም። «አስቀድሜ ብነግራትና ወንበሩ ባይገኝ ታዝንብኛለች ብሎ ፈርቶ ነው።»

ሶክ ሁዋ ተነስታ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። በሣጥኑ መስታወት አየችው። ስታፍርበት በመኖሯ አሁን በራሷ አፈረች፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደችበት። «አንተ ደደብ ሽማግሌ» አለችው በቀስታ። «ብትነግረኝ ምን ነበረበት? አብሬህ እጠብቅ ነበር።» የእናቷ ለቅሶ ላይ ያየችው ፈገግታ ትዝ አላትና መስታወቱን በእጅጌዋ ወለወለችው።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ በወዲያኛው ዓለም እንዲደርሱት ለሟቹ የሚቃጠሉት የወረቀት ዕቃዎች መጡ። የወረቀት ቤት አለ፣ የወረቀት መኪና ከነሾፌሩ አለ። ፔይ ሻን ለብቻው ያዘዘችው የወረቀት አውሮፕላንም ከጭነት መኪናው ላይ ወረደ። ከክብ ጠረጴዛው ይበልጣል። ጣሪያው ይከፈታል፤ ውስጡ ትንሽ የወረቀት አስተናጋጅ ቆማለች፤ ፊት ለፊቷ ጎን ለጎን ሁለት ሰፋፊ ወንበሮች አሉ።

ኪም ላን እንዳየችው ደረቷን ያዘች። «ሁለት? ማነው ሁለት ወንበር ያዘዘው?»

«አንቲ፣ ቢዝነስ ክላስ በጥንድ ነው የሚሠራው» አለ ዕቃውን ያመጣው ሰው። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚወስደው።»

«ከወሰዱት ሰዎች ቤት ሟቹን ተከትሎ ማን እንደሄደ ጠይቀሃል? መቀስ አምጡልኝ።»

ፔይ ሻን መከራከር ጀመረች። ሶክ ሁዋ ግን ወንበሯን ስባ አውሮፕላኑ አጠገብ ተቀመጠች።

«መቀሱ ይቅር፣ እትዬ» አለቻት። «እኔው አወጣዋለሁ።»

እጇን አስገብታ ሙጫውን በጥፍሯ ቀስ እያለች አላቀቀችው። የአውሮፕላኑን ወለል አልቀደደችውም። የእሷ የሚሆነውን የወረቀት ወንበር አወጣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ክብደት የሚባል ነገር የለውም። ከዚያ ልጇን አየቻት።

«የአባትሽን ስልክ አምጪልኝ።»

«እማ፣ እኔ ላድርግልሽ?»

«አምጪው።»

ስልኩ ላይ ሁለት ስም ተደርድሯል፤ የሁለቱም ጎን ላይ ምልክት አለ። የኪም ላን ጥላ ከትከሻዋ በላይ ወደቀ። ሴልቫም ደግሞ መነጽሩን እየጠረገ ወደ ሌላ ቦታ ያያል። ሶክ ሁዋ ጣቷን ወደ ቡን ኬንግ ስም ወሰደች፤ መለሰች፤ እንደገና ወሰደች። ነካችው። ምልክቱ ጠፋ። ስልኩ እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ ጠየቃት። እርግጠኛ አልነበረችም። ነገር ግን አዎ አለችው።

«ብቻሽን ልትሄጂ ነው?» አለች ኪም ላን። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ብቻዬን።»

ኪም ላን የወጣውን የወረቀት ወንበር አየት አደረገች። ቀጥላም «ሁለቱንም ጊዜ ብዪ እንግዲህ» አለች። «የመጀመሪያውን በልተሽ ሁለተኛው ላይ ጠገብኩ እንዳትዪ። ወንድሜ የለፋበት ነው።»

ሶክ ሁዋ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሊሄድ ሲል ዋጥ አደረገችው። የሥርዓቱ መሪ ዕቃዎቹ ወደ ማቃጠያው እንዲወጡ ምልክት ሰጠ። የወረቀቱ ቤት ተነሳ፣ መኪናው ተነሳ። የአውሮፕላኑን ጣሪያ ሊከድኑ ሲመጡ እጇን አነሳች።

«ትንሽ ጠብቁኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ካለው ፓኮ አንድ ነጭ ሶፍት መዘዘች። ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ አስተካከለችው። ሶፍት እንደ ጨርቅ አይታዘዝም፤ እጇ ግን አልረሳም። አንዴ አጠፈችው፣ ደገመችው፣ አዙራ ለሹካውና ለቢላዋው ኪስ አወጣችለት። ወደ አውሮፕላኑ ጎንበስ ብላ በቀረው ወንበር ላይ አኖረችው፤ ከዚያም ጥጉን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው።