የሁለት ደቂቃ ፊልም፣ ሠላሳ አንድ ባለቤት

የኔአለም ዋለ፣ ጂዳ ከተማ በሰው ቤት ስምንት ዓመት ስትሠራ አሠሪዋ ስምሽ ለአፌ ከበደኝ ብላ ሌላ ስም አውጥታላት ነበር። መካነ ሰላም ከተመለሰች ወዲህ የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ በሠራችው ሥራ ላይ ስሟ ተጽፎ ማየት። ትልቅ ነገር አልጠየቀችም፤ ግን ሰው የሚነፍገው ትንሹን አይደል?

ሥዕል የለመደችው እዚያው፣ ከአሠሪዋ ልጆች ጋር የድሮ ካርቱን ስታይ ነው። አሁን አንድ ጽሕፈት ቤት ስለ እርከን ሥራ የሁለት ደቂቃ የካርቱን ፊልም አዘዛት። በተጋደመ የመስኮት መስታወት ሥር አምፖል አብርታ፣ ለአንዲት ሰከንድ አሥራ ሁለት ሥዕል እየሣለች፣ አምስት ወር ሙሉ አጎነበሰች።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ታደለ ሥራውን ሊያዩ ሲመጡ የጥንቶቹን አሜሪካኖች ካርቱን ሠሪዎች ነገር አጫወተቻቸው። ያኔ መስመሩን የሚገለብጡት፣ ቀለሙን የሚቀቡት ክፍል ሙሉ ሴቶች ነበሩ፤ ጣታቸው ሥዕሉን እንዳያቆሽሽ ጓንት አጥልቀው። ፊልሙ ሲያልቅ ብዙው ሥዕል ታጥቦ የተሣለበት ላስቲክ እንደገና ይሣልበታል። የሴቶቹ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ አይወጣም።

የአቶ ታደለ ዓይን እንባ አቀረረ። «ወላሂ ግፍ ነው። የሰው ላብ እንዲህ ይበላል?»

«የእኔስ ስም ይወጣል አይደል ጋሼ?»

«አብሽሪ» አሏት።

እንግዲህ በእኛ አገር ስም መዝለል ቂም መትከል ነው። ኃላፊው ሲጻፉ ምክትሉ አሉ፤ ምክትሉ ሲጻፉ ፕሮጀክተሩን የጫነው፣ አወቀ የሚባለው ሾፌር አለ። ስብሰባው ላይ ያዛጋ ሁሉ ከነማዕረጉ ገባ። ሠላሳ አንድ ስም! ፊልሙ ከሁለት ደቂቃ እንዳያልፍ ከደሴ ከዞኑ ቢሮ ታዟል፤ ስሞቹ ብቻቸውን ደቂቃ ተኩል በሉ።

«ሥዕሉን ቀንሺው» አሉ አቶ ታደለ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማሽም?»

ዝርዝሩን አየችው። ከአወቀ በታች፣ መጨረሻው ላይ፣ «ቀለም የቀቡ፦ እህቶቻችን» ይላል።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አንድ ነኝ።»

«ራስን ማስቀደም ነውር ነው ልጄ። እህቶቻችን ሲባል አንቺም አለሽበት።»

 ቤቷ ገብታ ሥዕሉን ከፊልሙ ሙልጭ አድርጋ አወጣችና ስሞቹን ብቻ በፍላሽ አስረከበች። ልብ ያለ የለም። ሁሉም የራሱን ስም ፈልጎ፣ ማዕረጉ አለመጉደሉን አይቶ፣ ፈረመ።

በገበያው ቀን አዳራሹ ከከላላ ድረስ በበቅሎ በመጣ ሰው ሞላ። አቶ ታደለ ስለ አሜሪካኖቹ ሴቶች አንጀት የሚበላ ንግግር አደረጉ፤ መሐረብም አወጡ። ከዚያ ሠላሳ አንዱ ስም አለፈ፤ ዘመድ ለዘመዱ አጨበጨበ፤ መብራት በራ።

«ፊልሙስ?» አሉ ከደሴ የመጡት እንግዳ።

እንግዳው ወደ ኃላፊዎቹ ዞሩ።

«ማነው የሠራው?»

አሁን ሠላሳ አንዱም መሬት መሬት ያያል። ምክትሉ እኔ ደብዳቤ ነው ያስተላለፍኩት አሉ፤ አወቀ እኔ ዕቃ ነው የጫንኩት አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። አቶ ታደለ ማይኩን አነሱ።

«ክቡር እንግዳችን፣ የሠራችው የኔአለም ናት፤ የኔአለም ዋለ ፈንታዬ። ብቻዋን ነው የሠራችው፤ ከእኛ አንድም ሰው እጁን አላስገባበትም።»

ድምፅ ማጉያው ስሟን ከነአያቷ እስከ ገበያው አደረሰው። የኔአለም ከኋላ ወንበር ተነሳች። ደስታዋን መደበቅ አቅቷታል።

«ይድገሙልኝ ጋሼ» አለች፤ «ውጪ ያሉት አልሰሙም።»