ልጁ የወረደባት መርከብ

የሕንድ ፊልም አልወድም የሚል ሰው ሲገጥመኝ አልከራከርም፤ አዝንለታለሁ እንጂ። እኔ በዕድሜዬ ያየሁት ፊልም ከአምስት አይበልጥም፤ ከአምስቱ የምወደው አንዱን ነው። በ1974 የገና ዕለት ደሴ ከፈንታው ጋር አየሁት። ያኔ ሁለታችንም ለመምህርነት እንሠለጥን ነበር፤ አልተጋባንም ነበር።

ፊልሙ የአንዲት የወደብ ልጅ ታሪክ ነው። እጮኛዋ ሥራ ፍለጋ በመርከብ ይሄዳል፤ እሷም በየዓመቱ በበዓላቸው ቀን ቢጫ ልብሷን ለብሳ ወደቡ ላይ ትጠብቀዋለች። ስትዘፍን ጫኝና አውራጁ ሁሉ ሥራውን ትቶ ይሰማታል። እንዲህ ያለ ነገር የትም አገር እንደማይደረግ አውቃለሁ። ቢሆንም ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ፈንታው መሐረቡን ሰጥቶኝ «ፊልም እኮ ነው» አለኝ፤ የሱም ዓይን ቀልቶ ነበር።

ተጋብተን ላሊበላ እናቱ ቤት ገባን። በ1976 ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄደ። ሁለት ዓመት ያህል ደብዳቤ ይጽፍልን ነበር፤ ከዚያ ቆመ። ቤቱ ውስጥ እኔና እናቱ፣ እማማ ወለተ ሐና፣ ብቻ ቀረን።

እሱ በሄደ በመጀመሪያው ገና እማማን ላጫውት ብዬ ፊልሙን ነገርኳቸው። ከዚያ ልማድ ሆነ። ቤዛ ኩሉ ተብሎ፣ ጾም ተፈትቶ፣ ሰው ሁሉ ወደየዘመዱ ሲበተን፣ እሳቸው መደቡ ላይ ተመቻችተው «በይ እስቲ ይማርሽ፣ ያችን የመርከብ ነገር አምጫት» ይሉኛል። የነፍስ አባታቸው ቄስ ወልደ ሰንበትም ተቀምጠው ይሰሙኛል። አንድ ጊዜ «መርከቧ የኖኅን ታህላለች?» አሉኝ። «ትበልጣለች» ብላቸው ቅር አላቸው።

መጨረሻውን ግን በትክክል ነግሬያቸው አላውቅም። በፊልሙ ልጁ አይመለስም። መርከቧ ትመጣለች፤ አንድ ሽማግሌ መርከበኛ ይወርድና የልጁን ሻርፕ ያቀብላታል፤ በቃ። ልጇ የዘመተባት እናት ፊት ይህን እንዴት ብዬ ላውራ? እኔ ስናገረው ልጁ ራሱ ይወርዳል። እማማ «እሰይ» ብለው ያማትባሉ፤ እኔም የገዛ ውሸቴን ሰምቼ ደስ ይለኛል። ሦስት ገና እንዲህ አለፈ።

በ1980 ከወልድያ የፊልም መኪና መጣች። የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ መስኮቱ በጆንያ ተሸፍኖ መጀመሪያ የእርሻ ፊልም፣ ቀጥሎ የሕንድ ፊልም ይታያል ተባለ። በሩ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አየሁት። ቢጫ የለበሰችው ልጅ ናት።

እማማን ማስቀረት እችል ነበር። ግፊያ አለ ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ያንን ዘፈን አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና መስማት ፈለግሁ፤ ብቻዬን ሹልክ ልበል ስል ደግሞ እሳቸው ቀድመውኝ ጫማቸውን አድርገዋል። «መርከቢቱን ሳላያትማ አልሞትም» አሉኝ።

ዘፈኑ ሲጀምር ሁሉንም ረሳሁት። አጠገቤ ያለው ትከሻ የፈንታው መሰለኝ። ፊልሙ ሁለት ጊዜ ተበጠሰና ተቀጠለ። ሦስተኛ ተበጥሶ በዚያው እንዲቀር ስለት ተሳልኩ። አልቀረም። ሽማግሌው ወረደ፤ ሻርፑን ሰጣት። ቋንቋውን የሚሰማ አልነበረም፤ መስማትም አላስፈለገም።

ስንመለስ እማማ እንደወትሮው እጄን አልያዙም። ደጃችን ደርሰው ቆሙ።

«ልጁ አልወረደም።»

«አልወረደም፣ እማማ።»

«ታውቂ ኖሯል?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ደበቅሽኝ?»

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።»

«የፈንታውንስ መርዶ ከመቼ ጀምሮ ነው የደበቅሽኝ?» አሉኝ።

ማልሁ። ምንም ወሬ እንዳልደረሰኝ፣ ደብዳቤው ለእኔም እንደቆመብኝ በመድኃኔ ዓለም ማልሁ። ነገር ግን በአገራችን መርዶ የደበቀ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ቀኑ እስኪደርስ ደህና ነው ይላል፤ ሲጨንቀውም ይምላል። እማማ ራሳቸው ስንቱን መርዶ እንዲህ ሸሽገው አቆይተዋል። «ተይ ልጄ፣ ኃጢአት አትግቢ» አሉኝ። «ዛሬ በዓል ነው፤ አይለቀስም።»

በማግስቱ በማለዳ እማማ የላኩባቸው ቄስ ወልደ ሰንበት ጎረቤቱን አስከትለው መጡ። ወደ ጥግ ወስደው «ችለሽ ያዝሽው፤ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ።

«አባ፣ ሞቷል ያለኝ ሰው የለም እኮ።»

አዝነው ራሴን ዳበሱኝ። ሴቶቹ ጥቁር አለበሱኝ። እማማ ደረታቸውን እየመቱ ልጃቸውን በስሙ ሲጠሩት እኔም አለቀስኩ፤ ለማን እንደማለቅስ ግን አላውቅም ነበር።

ፍታት ተፈታለት፤ ለቀስተኛውም ተበተነ። እማማ ቀስ በቀስ ተጽናኑ፤ እንቅልፋቸውም ተመለሰ፤ አሁን የሚያስቡት ስለ ተዝካሩ ነው። ደብዳቤ የምታመጣው መኪና ስትገባ እንዳያዩኝ በጓሮ ዞሬ እወጣለሁ። ፈንታውን የምጠብቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።