ትንፋሹ የጠፋበት ክፍል

«ቀስ በል ልጄ፣ ገና አሁን ነው ሸለብ ያደረገው» አሉ እናት፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ቦርሳውን እንደያዘ በሩ ላይ ቀጥ አለ። አልጋው ባዶ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት የግራፊክስ ካርዶች ግለዋል፤ ማራገቢያዎቻቸው ከፍ ይላሉ፣ ዝቅ ይላሉ። ታናሽ ልጃቸው እናቱን ሳሎን አስቀምጦ ተመለሰ። አፍሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሙ ጥሪቱን ሁሉ በቢትኮይን፣ በኢንተርኔት ገንዘብ አስቀምጦ፣ የሚከፍትበትን የምስጢር ቃላት ቁልፍ ለማንም ሳይነግር ሞተ። ታናሽየው ካርዶቹን ገዝቶ ቁልፉን እንዲገምቱ አሰማራቸው። እናት አንድ ቀን ሙቀቱ ደስ ብሏቸው ገብተው ቁጭ አሉ፤ በዚያው ቀሩ። ሟቹ አስም ነበረበት፤ ማራገቢያው ሲተነፍስ ቁርጥ እሱን ነው። «ቤቱን ሸጠን ካርድ እንጨምር» ያለው ራሱ ታናሽየው ነበር። እናት ግን «አዎ፣ ልጄ ብቻውን ደከመው» ብለው እሺ ሲሉ ፈራ። ገዢው ነገ ቀብድ ይዞ ይመጣል።

«ከቁልፉ የምታውቀው ነገር አለ?» አለ ጠጋኙ።

«ምንም።»

«አንድ ሁለት ቃል ብቻ ጎድሎህ ቢሆን እሺ። ሙሉውን ግን የዓለምን ካርድ ሁሉ ሰብስበህ ፀሐይ እስክትጠፋ ብታስገምት አታገኘውም። ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ወንድሜ።»

ታናሽየው ልቡ ካወቀው ቆይቷል። «አጥፋው» አለ።

ማራገቢያዎቹ ዝግ አሉ፣ ቆሙ። ወዲያው ከሳሎን «ምነው ትንፋሹ ጠፋ?» የሚል ድምፅ መጣ። እናት ግድግዳውን እየደገፉ ደረሱ። ሬሳውን ያዩ ቀን የነበራቸው ፊት ተመልሶባቸዋል። ታናሽየው ወደ ጠጋኙ ጠጋ አለ።

«ፍለጋው ይቅር፤ ማራገቢያውን ብቻ መልስልኝ» አለ በሹክሹክታ።

ጠጋኙ ማራገቢያውን አስነሳለት። «አንድ ወጥ ፍጥነት ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ከፍ ዝቅ አይልም።»

እናት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ካርዱስ? ለነገው ሰውዬ ምን እንበለው?»

«መፈለጉን ትቷል፣ እማዬ። ቤቱ አይሸጥም።»

«ተወው? እሰይ። ሲለፋ አንጀቴን እየበላኝ ነበር።»

ጠጋኙ ቦርሳውን ዘግቶ ሊወጣ ሲል ድምፁ ከፍ አለ። ዝቅ አለ። ደግሞ ከፍ አለ። ስክሪኑን አየ፤ ፍጥነቱ እዚያው ባስቀመጠው ቁጥር ላይ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልንቀለው?» አለ፣ እጁን ወደ ሶኬቱ እየላከ።

ታናሽየው እጁን ያዘው። እናቱን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ።

«ተወው፣ ይተኛ» አለ፤ በሩንም ድምፅ ሳያሰማ ገጠመው።