ባለ ሁለት ምድጃው ጎጆ

የሻረግ አመዱን ልትጠርግ እጇን ብትሰድ ፍም ነካትና ደንግጣ ሳበችው። በክርስቲያኑ ምድጃ እሳት ነድዷል። ድስቱም ተጥዶበት ኖሯል፤ የምስር ቅሪት ከሥሩ ተጣብቋል። ጎጆው ውስጥ ግን ሦስት ቀን የሰነበተው እንግዳ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሙጫ ነጋዴው ኸሊፋ፣ እስላም።

መተማ ዳር፣ ከኮረብታው ሥር ያለችው ይህች ጎጆ የታወቀች ናት። ባሏ ያረጋል ከሞተ ወዲህ የሻረግ የምትኖረው በኪራይዋ ነው። ውሃና እንጨት ከእሷ፣ እህልና ሙያ ከእንግዳው። ወደ ጋላባት የሚሻገር፣ ከሱዳን የሚመለስ፣ የቆላው ሙቀት ያደከመው ሁሉ ራሱ ቀቅሎ፣ ራሱ በልቶ፣ አርፎ ይሄዳል። በቀኝ የክርስቲያን ምድጃ፣ በግራ የእስላም፤ ድስቱም ማማሰያውም ለየብቻ። ጣሊያን አገሩን ከያዘ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ስንቱ ነገር ተደበላልቋል፤ የሷ ምድጃ ግን አልተደበላለቀም። በዚህም የሁለቱም ወገን ሰው ያምናታል። አንድ ጊዜ የእስላም ነጋዴ ማማሰያ ገባበት ብላ የክርስቲያኑን ድስት ሰብራለች፤ አገሩ ይኸን እያነሣ ይስቅባታል።

“ኸሊፋ” አለች ቀስ ብላ። “በየትኛው ምድጃ ነው የቀቀልኸው?”

ወጣቱ ወደ ምድጃው አየና ክው ብሎ ቀረ። “እጄ ለምዶብኝ ነው፣ እትዬ።”

ለካ ክርስቲያን ኖሯል። ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ቋንጣ አየችው። ከእስላም ሥጋ ሻጭ ገዝቶ ለሰው ዐይን ሰቅሎታል፤ አንዲት ዘለላ አልጎደለችም። ከአርማጭሆ አርበኞች ለሱዳን ስደተኞች ደብዳቤ የሚያሻግር ሰው እየተፈለገ መሆኑን ገበያው ሁሉ ሰምቷል። ይኸው ሰውዬው፣ ጀላቢያውን ለብሶ ከፊቷ ቆሟል።

“በል ተነሥ፣ አሁኑኑ ውጣ…”

ሳትጨርስ በሩን ሰው ሞላው። ጀምበሩ ነው፤ ለጣሊያን ምሽግ የሚያስተረጉም፣ የሚያነፈንፍም። ሁለት ወታደር ደጅ አቁሞ ገባ።

“እንደምን አደርሽ፣ እትዬ የሻረግ። እንግዳ አላት አሉኝ።”

“ነጋዴ ነው።”

ሲጋራውን ሊለኩስ ወደ ግራው ምድጃ ጎንበስ አለ። ቀዝቅዟል። ወደ ቀኙ ዞረ፤ ፍሙን ገለጥ አድርጎ ለኮሰ።

“የእስላሙ ምድጃ እሳት ካየ ሰንብቷል። ታዲያ ይህ ሰውዬ ምን ሲበላ ከረመ?”

ጀምበሩ ከቋንጣው አንድ ዘለላ በጥሶ ፍሙ ላይ ጣለ። ሲንጣጣ አነሣና ለኸሊፋ ዘረጋለት። “ብላ” አለው።

ኸሊፋ ተቀበለ፤ እጁ ግን አፉ አልደርስ አለ። እስላም ያረደውን በልቶ አያውቅም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እየጸለየ መሆኑን የሻረግ አወቀች፤ ጀምበሩም ሊያውቅ ጥቂት ቀርቶታል። ሊሰቀል ነው፣ ለአንድ ጉርሻ ሲል ሊሰቀል ነው ብላ ተናደደችበት። ቢሆንም የሰው ልጅ ነው።

ሥጋውን ከእጁ ወሰደችው።

“እኔ ሳልቀምስ አይበላም” አለች። “ከእንግዲህ ምን እደብቃለሁ? አግብቶኛል። ሃይማኖቱንም ተቀብያለሁ። ቤቱ አንድ ሲሆን ምድጃውም አንድ ሆነ፤ በቀኙ የቀቀልሁት እኔ ነኝ።”

ጀምበሩ ሳቀ። “አንቺ? ድስት ሰባሪዋ?”

ገመጠችው። እንደማንኛውም ቋንጣ ጨው ጨው ይላል። ዋጠች። የቀረውን ኸሊፋን አጎረሰችው፤ እሱም ዐይኑን ጨፍኖ ዋጠ።

የጀምበሩ ሳቅ ቆመ። እሱ የሚያውቃት የሻረግ አንገቷ ላይ ሰይፍ ቢያርፍ ይህን አትበላም። ስለዚህ አመነ። “በስተርጅና ይህ መጣብሽ?” አለና ምራቁን እንትፍ ብሎ ወጣ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ገበያ ደረሰ።

ኸሊፋ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዘችው።

“መልሱን ይዤ በወሩ በዚሁ እመለሳለሁ፣ እትዬ። ሌላ መንገድ የለኝም።”

“ሚስቴን ልጠይቅ መጣሁ ካልህ ማንም አይነካህም። በል ሂድ።”

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። ጎረቤት ሰላምታ ነሥቷታል፤ ክርስቲያን መንገደኛም ጎጆዋን እያየ ማለፍ ጀምሯል። ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቷ ቄስ ሰጠኝ ራሳቸው መጡ። ወደ ውስጥ አልዘለቁም።

“የሻረግ፣ የሚወራውን ሰማሁ፤ አላመንሁም። ሐሰት ነው በይኝ።”

“እውነት ከሆነስ፣ አባ?”

“እውነት ከሆነማ ፍትሐት የለሽም። ከያረጋል ጎን መቀበርም ይቀርብሻል።”

ከያረጋል ጎን ያለችውን ያቺን ቦታ በየዓመቱ በእጇ ታርማታለች። በንስሐ ልንገራቸው ይሆን? ቄሱ አፋቸው ይዘጋል፤ ፊታቸው ግን ምንም መደበቅ አይችልም። ነገ ሲያዩዋት ፈገግ ይላሉ፤ ያንንም ጀምበሩ ያያል። ልጁ ከሄደ ገና ስድስት ቀኑ ነው፤ በወሩም በዚሁ ይመለሳል።

መስቀሉን ልትሳለም አጎንብሳ ነበር፤ ቀና አለች።

“እውነት ነው፣ አባ።”