በረንዳውን ዘግቼ እመጣለሁ

እማዬ በስልክ «በቃ ነይ» ስትለኝ፣ «በረንዳውን ለክረምት ልዝጋና እመጣለሁ» አልኳት።

«በጥቅምት የምን ክረምት ነው?» ብላ ሳቀች። ሳቋ መሃል ሳል ያዛት። እኔ ደግሞ፣ ምላሴን ይቁረጠውና፣ ስለ ስዊድን ብርድ ማስረዳት ጀመርኩ። ቧንቧ እንደሚፈነዳ፣ የሸክላ ማሰሮ እንደሚሰነጠቅ፣ ወንበር እንደሚሻግት ነገርኳት። ሰማንያ ስድስት ዓመት የሞላት፣ አልጋ የያዘች ሴት ስለ ወንበር ሻጋታ ምን አገባት?

እንዲያው ዝም ብዬ እንዳልቀረሁ ግን እወቁልኝ። አምና እሷን ልጠይቅ አዲስ አበባ ስሄድ የውጪውን ቧንቧ ዘግቼ፣ ውስጡ የቀረውን ውሃ ሳላፈስ ሄድኩ። ስመለስ ግድግዳ ውስጥ ፈንድቶ፣ ሳሎኔ ኩሬ ሆኖ ጠበቀኝ። ይቺ ስቶክሆልም ዳር፣ ሄሰልቢ ያለች ቤቴ ደግሞ የሰው እናትና አባት በማንሳትና በማስተኛት የመጣች ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሠርቼ። ስለዚህ ዘንድሮ ለኖቬምበር ስምንት ትኬት ቆረጥኩና፣ እስከዚያ ሁሉን በወጉ እዘጋለሁ አልኩ።

እማዬ ማክሰኞ ጠዋት ሞተች። ለእኔ የተነገረኝ ቅዳሜ ነው። በመሃሉ ምን ስሠራ እንደሰነበትኩ ልንገራችሁ።

ረቡዕ ጠዋት ልጄ ሀኒ ከኡፕላንድስ ቬስቢ በባቡር መጣች። ሳልጠራት! ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚህ ቤት ስታድግ አንድ ቀን ቅጠል ጠርጋ አታውቅም። ጓንት ይዛ በሩ ላይ ሳያት «ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?» አልኳት።

«ልረዳሽ ነው» አለችኝ በስዊድንኛ። አማርኛ አብጠርጥራ ትሰማለች፣ መልሷ ግን ሁሌም በስዊድንኛ ነው።

መሰላል ላይ አወጣኋትና ከጣሪያው አሸንዳ የበሰበሰውን ቅጠል እንድታወርድ አደረግኩ። ቀና ስል እንባዋ ይወርዳል። ምን ሆንሽ ስላት «አለርጂ ነው» አለችኝ። በዚህ ብርድ የምን አለርጂ! ቀለድኩባት እንጂ ልቤ ምንም አላለኝም። በኋላ ሳስበው፣ ያን ሰዓት እማዬን እየቀበሯት ነበር።

ምሳ ላይ «ስልክሽ ሞልቷል፣ ላጽዳልሽ» ብላ ወሰደችብኝ። ስትመልስልኝ ፌስቡኬ የለም። ዘመዶቼ የእማዬን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፈው እንደነበር የሰማሁት ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው።

ሐሙስ የጤና አዳሜን ማሰሮ ወደ ቤት አስገባሁ፣ የቀሩትን ማሰሮዎች አፈራቸውን ደፍቼ ገለበጥኳቸው፣ የወንበሮቹን ትራስ አጥቤ አደረቅሁ። ከዚያ አዲስ አበባ ለወንድሜ ለማኑሄ ደወልኩና «እማዬን አቅርብልኝ» አልኩት።

«ደከም ብሏት ተኝታለች» አለኝ።

«በቃ አትቀስቅሳት፣ እኔም ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ ዘጋሁት። ወይ እኔ! «ደከም ብሏት ተኝታለች» የሚባለውን ነገር ስቶክሆልም ላለው ሐበሻ ሁሉ ያስጠናሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?

አዎ፣ እኔው ነኝ። እድራችን ውስጥ መርዶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደወለው ለእኔ ነበር። ማን ይንገር፣ መቼ ይነገር፣ ማን ቀድሞ ይግባ፣ ወንበር ከየት ይምጣ፣ ሁሉን የምወስነው እኔ ነበርኩ። እኮራበትም ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ስቶክሆልም፣ አካላ ሰፈር የምትኖረው የጓደኛዬ የጽጌረዳ አባት ጎንደር ሲሞቱ፣ ዘመዶቿ «ትመጣለች ወይ? አስከሬኑን እናቆየው ወይ?» ብለው ጠየቁን። «ኧረ በፍጹም!» አልኩ። «ደም ብዛት አለባት። ብቻዋን አውሮፕላን ላይ እያለቀሰች ልትሄድ ነው? ቅበሩ። ቅዳሜ ሰው ሲሰበሰብ እናረዳታለን።» አምስት ቀን ሙሉ እየሳቅሁ ደወልኩላት። ስታውቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

«ፊቱን እንዳላይ ማን ፈረደብኝ?»

«ለአንቺ ስንል ነው እኮ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም። ቤቴ ትመጣለች፣ አብረን እንበላለን፣ እንሳሳቃለን። ልደቴን ከልጄ ቀድማ የምታስታውሰው እሷ ናት። አልፏል ብዬ ትቼዋለሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ገና ሲነጋጋ አንድ ሥራ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ጠረጴዛውና ወንበሮቹ በረንዳው ጥግ ተደራርበው ቆመዋል፣ ሸራ አልብሶ በገመድ ማሰር ነው። ሸራውን ዘርግቼ ቀና ስል የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ገብረመድህን ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው የአጥሩን በር ከፍተው ይገባሉ። ከኋላቸው ጽጌረዳ፣ ከእሷ ኋላ ስድስት ሰባት ሰው።

ሀኒ ለሥራው የጠራቻቸው መሰለኝ። ደስ አለኝ እኮ፣ አፈር ልብላ! «ጋሽ ገብረመድህን፣ በካፖርት ነው እንዴ ሥራ? እርስዎ ይቀመጡ፣ ጉልበት ያላቸው ይያዙት» አልኳቸው። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ከመጡት አንዱ ምንም ሳይለኝ አልፎኝ ሄደና የደረደርኳቸውን ወንበሮች አንድ በአንድ ያወርድ ጀመር።

«ኧረ ምን ነካህ! ሁለት ቀን የለፋሁበትን! ልዘጋ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩበት። አንዱን ወንበር ከእጁ ነጠቅሁት። ዞር ብሎ ሌላውን አነሳ።

ወንበሩን እንደያዝኩ አየኋቸው። ማለዳ ነው። ጽጌረዳ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ሰውየው ወንበሮቹን ግድግዳውን አስይዞ በክብ ይደረድራቸዋል፣ ልክ እኔ ለሰው ቤት እንደማስደረድራቸው። ሀኒ በሩ ላይ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። ጋሽ ገብረመድህን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ምን እንደሚሉ በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ብርቱካን ልጄ፣ እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ...»

«መቼ?» አልኩ።

«ማክሰኞ።»

«ተቀበረች?»

ጽጌረዳ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ገባኝ።

ከዚያ የሆነውን በደንብ አላስታውሰውም። መጮሄን፣ ፊቴን መንጨቴን፣ ስዊድናዊው ጎረቤቴ በመስኮት ብቅ ብሎ መጋረጃውን መሳቡን አስታውሳለሁ። ትንሽ ቀልቤ ሲመለስ ሀኒን በሁለት ክንዷ ያዝኳት።

«አንቺ! ‹ለምን እውነቱን አትነጋገሩም› እያልሽ ስታደርቂኝ የኖርሽው፣ አንቺ እንኳ አትነግሪኝም? ማክሰኞ ብነሳ ረቡዕ እደርስ ነበር እኮ! እናቴን አፈር አለብሳት ነበር!»

በአማርኛ መለሰችልኝ፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች።

«እማ፣ በጽጌረዳ ጊዜ ልንገራት ስልሽ ስልኬን ቀማሽኝ። ‹የምንደብቃት ስለምንወዳት ነው› አልሽኝ። እኔም እወድሻለሁ።»

እውነቷን ነው። ቀምቻታለሁ። ክንዷን ለቀቅሁት።

ሰው መጣ። ከደቡብ ስቶክሆልም ሳይቀር መጣ። ቤቱ ስለማይበቃ ግማሹ በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀመጠ፣ ድስትና ሳህን በውጪው ቧንቧ ታጠበ። ያ ስንት የተጨነቅሁለት ቧንቧ ሦስት ቀን ሙሉ ተከፍቶ ዋለ። እኔም በየሰዓቱ «እግዜር ያጥናሽ» ስባል ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ልቤ ግን ከአንድ ነገር ጋር ተያይዟል። ማኑሄ በስልክ እያለቀሰ ነግሮኝ ነበር። «ትመጣለች ወይ፣ እናቆያት ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። ‹ቅበሩ› ያሉኝ የእናንተ ሰዎች ናቸው።»

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ተበተነ። ሀኒን ትንሽ ትተኛ ብዬ ወደ ላይ ላክኋት። ጽጌረዳ ብቻ ቀረች። ስስ በረዶ መጣል ጀምሯል። ውጪ ወጥታ ወንበሮቹን ታራግፍና ትደራርብ ነበር።

«ተዪው፣ ይበስብስ!» አልኳት። «ለዚህ ሸራና ለዚህ ወንበር ብዬ ነው እናቴን ሳላያት የቀረሁት።»

አልተወችም። እኔም መጣሁና ማገዝ ጀመርኩ፣ እጄ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የባሰ ነው።

«ቅበሩ ያለው ማነው?» አልኳት።

ወንበሩን አስቀመጠች። «ጋሽ ገብረመድህን ማክሰኞ ደወሉልኝ። ‹ወንድሟ መስመር ላይ ነው፣ መልስ ይጠብቃል፣ ምን እንበለው? ከሁላችን የምታውቂያት አንቺ ነሽ› አሉኝ።»

«እሺ? አንቺ ምን አልሽ?»

«‹ብርቱካን ብትሆን ምን ትል ነበር?› አልኳቸው።»

ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ተናግራ ቀብሩን ማቆየት ትችል እንደነበር እሷም እኔም እናውቃለን። አንዲት ቃል ነበረች፣ «ንገሯት» ማለት ብቻ። ልጮህባት አፌን ከፈትኩ፤ ምን ብዬ ልጩህ? የራሴን ቃል ነው የመለሰችልኝ።

«ይቅር ያልሽኝ መስሎኝ ነበር፣ ጽጌ» አልኳት።

«እኔም መስሎኝ ነበር» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

በረዶው እየበረታ መጣ። ሄዳ ቧንቧውን ከውስጥ ዘጋች፣ ተመልሳ የውጪውን ከፈተችና ውሃው ፈስሶ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ሸራውን ከመሬት አንስታ አንዱን ጫፍ ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።

«በአንቺ በኩል ያዢው» አለችኝ።

ያዝኩት። አጥብቀን አሰርነው።