ጸደቀ የሚባለው መቼ ነው

በእህቴ የቀናሁት በውበቷ አይደለም፤ ውበቷንማ ከልጅነታችን ጀምሮ ለምጄዋለሁ። የቀናሁት በአንዲት ቃል ነው።

ሁለታችንም የምንሠራው ችግኝ ማፍያ ውስጥ ነው። ላስቲክ ውስጥ አፈር እንሞላለን፣ ቡቃያውን ከመደብ እየነቀልን ወደ ላስቲኩ እናዛውራለን፣ ውሃ እናጠጣለን። ሥራው ያስገባኋት እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያንም እጇን ይዤ የወሰድኳት እኔው ነኝ፣ ያውም ስንት ዓመት የት እንደገባች ሳናውቅ ከርማ በመጣች ማግስት። ለመጠመቅ የሚዘጋጁትን ሰዎች ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ። ሰው በእምነት እንጂ በሥራው እንደማይጸድቅ የሚያስረዳ፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር አለኝ። ስምንት ነጥብ፣ እያንዳንዱ ከነማስረጃው።

አንድ እሑድ ጉንፋን ድምፄን ዘጋውና እሷ ተካችኝ። ደብተሬን ሰጠኋት፤ አልከፈተችውም። ተነሥታ፣ «እኛ ሥራ ቦታ ችግኙ ጸደቀ የምንለው መቼ ነው?» አለች። «ካዛወርነው በኋላ ሥር ሲይዝ ነው። ራሱን አላዛወረም፣ ራሱን አላጠጣም። የደከመለት ሌላ ነው። ጸደቀ የሚባለው ግን እሱ ነው።» ይኸው ነው። ሦስት ሴቶች አለቀሱ። እኔ በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ሰው አላስለቀስኩም፤ የሚያዛጉ ግን ነበሩ።

ቃሉን በቀን መቶ ጊዜ እለዋለሁ እኮ። ጠዋት ጠዋት አለቃችን «ስንቱ ጸደቀ?» ይለኛል፣ እመልስለታለሁ። ታዲያ እንዴት ነው ለእኔ ያልታየኝ? እርር ድብን አልኩ። ይባስ ብሎ መጋቢያችን ጠርቶኝ፣ «እስኪ ይኼን ዙር እሷ ትቀጥል፣ አንቺም ትንሽ ዕረፊ» አለኝ። ዕረፊ። ደከመኝ ያለው ማን ነው? «ደስ ይለኛል» አልኩት ጥርሴን ነክሼ። ያቺ ክፍል የእኔ ነበረች፤ ሌላ የእኔ የምለው ነገር ብዙም የለኝም።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ እህቴ ጥላው ሥር አጠገቤ ቁጭ አለች። «እትዬ፣ የመጪውን እሑድ ትምህርት ላሰማሽና ስሕተት ካለው ንገሪኝ» አለች።

መጀመሪያው ደህና ነበር። መጨረሻው ላይ ግን፣ «ችግኝ መጽደቁ በፍሬው ይታወቃል። ጠዋት ጠዋት ራስህን ፈትሽ፤ ፍሬ ካጣህ ገና አልጸደቅህም ማለት ነው» አለች።

እዚህ ላይ ጽድቅንና ቅድስናን ቀላቅላ አቦካችው። ጽድቅ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ነው፤ ፍሬው፣ ማለትም ቅድስናው፣ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፣ ዕድሜ ልክ። ደብተሬ ላይ አምስተኛው ነጥብ ነው፤ በቀይ አስምሬበታለሁ። እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ክፍሉ ውስጥ እንደሚገኙ ትዝ አለኝ። ስሕተቷን ሰው ፊት ይያዙባት፣ አልኩ በሆዴ።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ጥሩ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ምሳዋን ቀጠለች። በዚያ ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ።

እሑድ ከኋላ ተቀመጥኩ። እህቴ ተናግራ ተናግራ እዚያው ነገር ላይ ደረሰች። ሽማግሌዎቹን አየኋቸው፤ አንደኛው ራሱን እየነቀነቀ ይስማማል፣ ሌላው መነጽሩን ይወለውላል። ማንም ስሕተቷን አልያዘባትም። የተነሣው ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ሹፌሩ ነው። መጠጥ ለመተው ሁለት ዓመት የታገለ ሰው ነው፤ በሚቀጥለው ወር ሊጠመቅ ተመዝግቧል።

«እህት፣ ማክሰኞ ጠጥቻለሁ» አለ። «እንግዲያው ገና አልጸደቅሁም ማለት ነው?»

እህቴ ቀስ ብላ፣ «እንደዚያ ይመስለኛል» አለችው።

«ለእኔም እንዲያ ነው የመሰለኝ» አለና ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሣ። «ስሜን ከዝርዝሩ ሰርዙት።» የተቆጣ አይመስልም ነበር፤ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ነበር የሚመስለው።

እኔ እንድትዋረድ የፈለግሁት እሷ ነበረች። እሱ ምን አደረገኝ? በሩ ጋ ሲደርስ ተነሣሁ።

«ቆይ ወንድሜ» አልኩት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሐሙስ ይህንኑ አሰምታኝ ነበር፤ ስሕተት መሆኑን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ክፍሌን ስለወሰደችብኝ ቀንቼ ነው። እኛ ሥራ ቦታ ፍሬ የሚጠብቅ ማንም የለም። ችግኙ የሚያፈራው ከእኛ ከሄደ ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ጸደቀ የምንለው ግን ሥር የያዘ ዕለት ነው። የማክሰኞውን ተናዘዝ፣ ጠርሙሱን ድፋ፣ የሚያጠጡህን ሰዎች ሽሽ። ግን ለመጽደቅ ብለህ አይደለም፤ ስለጸደቅህ ነው።»

እህቴን ማየት ፈራሁ። ሹፌሩ ግን እኔን ነበር የሚያየው።

«አንቺስ?» አለኝ። «ከሐሙስ ጀምሮ እንዲህ ስትቀኚ ከርመሽ ጸድቀሻል?»

አሥራ አንድ ዓመት ስምንቱን ነጥብ ሳስተምር ይህን የጠየቀኝ የለም። አልጸደቅሁም ብል ይሄዳል። ጸድቄአለሁ እንዳልል ደግሞ ኀፍረቱ ያዘኝ፤ ምክንያቱም አሁንም እየቀናሁ ነበር፣ እዚያው ቆሜ፣ እሷ የቆመችበትን ቦታ እያየሁ።

«ጸድቄአለሁ» አልኩት። «እንዲህ እየቀናሁ።» ያንን ቃል ለሰው እንጂ ለራሴ ብዬው እንደማላውቅ የገባኝ ያኔ ነው።

ሹፌሩ ጃኬቱን እንደያዘ ተመልሶ ተቀመጠ።

መጋቢው ክፍሉን አልመለሰልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ስንወጣ እህቴ ደጅ ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሐሙስ ምሳ ላይ የሚቀጥለውን አሰማሻለሁ» አለችኝ።

«ቅናቱ እኮ አልለቀቀኝም» አልኳት።

«አውቃለሁ እትዬ። ቅኚ። ብቻ ዝም አትበዪኝ።»