የታገተው ጥራዝ

ሦስት ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ወደ አንድ ቤት ካቀና መርዶ ነው። የሺመቤት የማር ቆርቆሮዎቿን ደጃፍ ላይ እያወጣች ሳለ ፀጉር አስተካካዩ ደግሰው፣ ነርሷ አመተ ሥላሴና ፖሊሱ ምንዋጋው ጎን ለጎን ሆነው ዳገቱን ሲወጡ አየች። ማን ታሞ ነበር? ማን መንገድ ላይ ነበር? በልቧ የዘመዶቿን ስም አንድ በአንድ ጠራች። ልጇ ዓይናዲስ ጓዳ ውስጥ ሳህን ስታጥብ ትሰማታለች፤ እሷስ አለች። ታዲያ ማን?

«እንደምን አደርሽ እትዬ የሺ» አለ ደግሰው ገና ሳይደርስ። «አትደንግጪ፣ ደህና ነው። ለመጽሐፉ ነው የመጣነው።»

«ምነው እናንተ! እንዲህ ተሰልፋችሁ መጥታችሁ ሰው ትገድላላችሁ?»

«ብቻዬን መጥቼ መቼ ሰማሽኝ? አጋዥ ይዤ መጣሁ።»

«አልደረሰንም ብያለሁ። ሲደርሰን እናደርሳለን።»

ምንዋጋው ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «ሰው ሲታገት እንሰማለን፤ ጆሯችን ለምዶታል። መጽሐፍ ሲታገት ግን በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያዬ ነው። ማስለቀቂያውን ንገሪን፤ አዋጥተን እንክፈል።»

ሁለቱ ሳቁ። የሺመቤት መሳቅ አልቻለችም። የሚጠይቋት የመጽሐፉ ጥራዝ በፌስታል ተጠቅልሎ ከጀርባዋ ካለው ባዶ የማር ቆርቆሮ ውስጥ ነበር።

«የደመና ጠባቂዎች» የተባለው ባለ አራት ክፍል መጽሐፍ ሰቆጣ የገባው በስህተት ነው። ከባሕር ዳር የመጣ አንድ መንገደኛ ደግሰው ዘንድ ጢሙን እየተላጨ ሳለ የመኪናው ጥሩምባ ቢጮህበት ግማሽ ጉንጩን በአረፋ እንደ ተሸፈነ ሮጠ፤ አንደኛውን ክፍል ወንበሩ ላይ ረስቶት። ደግሰው ማንበብ የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ከማበጠሪያዎቹ ጎን አስቀመጠው። ተራ ሲጠብቅ የሰለቸው አንድ ደንበኛ ገለጥ አደረገው፤ ከዚያ ተራው ደርሶ ቢጠራ አልነሳ አለ።

መጽሐፉ በሚተርክላት አገር ሰው ከብት እንደሚያረባ ደመና ያረባል። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የራሱ ደመና አለው፤ ከንፋስ ያስጥለዋል፣ ገደል አፋፍ ያሳድረዋል፣ ሲደርስ ዝናቡን ያልበዋል። ነፋሲት የምትባል ልጅ የአባቷ ደመና በወራሪዎች ይነዳባታል፤ እሷም ፍለጋውን ትከተላለች። ሰማይ አንጋጦ ለሚኖር የዋግ ሰው ይህን ማስነበብ ለራበው ስለ ድግስ እንደ ማውራት ነው። «ደመና እንዴት ይዘረፋል?» ይላል አንዱ። «ከብቴ ከተዘረፈ ደመና ምን ያንሳል?» ይላል ሌላው። ከዋጉ ዝቋላ ለገበያ የመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ አንድ ሽማግሌ ሲነበብ ቆመው ሰሙና አህያቸውን ይዘው ሄዱ፤ በሌላው ገበያ ተመልሰው መጥተው «ያቺ ጥቁሯ ደመና ወለደች ወይስ ጨነገፈች?» ብለው ጠየቁ።

ደግሰው መጽሐፉን ከቤቱ አላስወጣም ስላለ ያን ክረምት ሰቆጣ ውስጥ ጢም ያለው ወንድ ጠፋ። ፀጉራቸውን የተቆረጡ በማግስቱ ዳግም ሊቆረጡ ይመጣሉ። ሴቶቹ ግን ከጢም መላጫ ቤት ገብተው መቀመጥ አፈሩ። አንድ ቀን ዓይናዲስ ደጃፉ ላይ ቆመችና «ጋሼ ደግሰው፣ ጢም ስለሌለን ነው የማናነበው?» አለችው። ቤቱ ሙሉ ወንድ ሳቀ። ደግሰውም ሳቀ፤ ምላጩን አንሥቶ የመጽሐፉን ስፌት ፈታው፤ ጥራዝ ጥራዙን ለየው። ከዚያ በኋላ እንደ ማኅበር ጽዋ ሆነ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያነበበ ላላነበበ ያስረክባል። ተረኛ ጽዋውን ቤቱ አስቀርቶ ዝም እንደማይል ሁሉ ጥራዝ ማቆየት ነውር ነው። የፊቱን ያወራ ደግሞ ከተራ ይወጣል። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ በመጨረሻም አራተኛውን ክፍል በየተራ በሹፌር አስመጡ፤ ሁሉም እንደ ደረሰ በምላጭ ተፈታ።

የሺመቤት መጀመሪያ ያነበበችው ጥፋት ፍለጋ ነበር። ደመና የሚያልብ ሰው ያለበት መጽሐፍ ጥንቆላ አያጣውም ብላ ከመሃል ገለጠች። ክፉውን ገጽ ስትፈልግ ስትፈልግ ጥራዙ አለቀባት፤ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ፈተናው ከጣላት ወዲህ መጽሐፍ ይዛ አታውቅም ነበር። አሁን ማር የነካ ጣቷን እየላሰች ቆማ ታነባለች፤ ባነበበች ቁጥርም ልጅቷ የምትሞትበትን ገጽ ትጠብቃለች።

«ትሞታለች» ትላለች ለዓይናዲስ።

«እማ፣ አራት ክፍል ነው እኮ። በሁለተኛው እንዴት ትሞታለች?»

«ሌላ ሰው ይቀጥለዋል።»

እንዲህ ሲባባሉ ቤቱ ጥቂት ይሞቅ ነበር። ነገር ግን ዓይናዲስ ከኮሌጅ ተመርቃ ሥራ ካጣች ቆይቷል። ጓደኛዋ ይታየሽ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር የሚያሻግር ሰው ካገኘች በኋላ ደግሞ የሁለቱ ሹክሹክታ በዛ። የሺመቤት አለቀሰች፣ ለመነች፣ የንስሐ አባቷን ጠርታ አስመከረች። ባሕር ላይ ቀረ ተብሎ ሬሳው ሳይመጣ የተለቀሰለትን፣ የሻምበል የተባለውን የጎረቤት ልጅ አስታወሰቻት። ዓይናዲስ ለሁሉም «እሺ እማ» ነው መልሷ። እሺ የሚሄድ ሰው መልስ መሆኑን የሺመቤት ታውቃለች።

ከጥምቀት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሊነሡ ሲሉ ይታየሽ ቤት ድረስ መጣች። የሺመቤት ከጓዳ ሆና ሰማች።

«ሰውዬው ነገ ነው ብሏል።»

«አራተኛው ክፍል ሳያልቅ አልሄድም» አለች ዓይናዲስ እየሳቀች።

«አንቺ እኮ ልጅ ነሽ! ለተረት ብለሽ?»

«ለተረት ብዬ። የሚቀጥሉት ሲነሡ እንሄዳለን፤ ጠብቂኝ።»

ይታየሽም እየተሳደበች ቀረች፤ ብቻዋን መሄዱን ፈርታ ይሆናል ብላ አሰበች የሺመቤት። እንባ ያላስቀረውን፣ ቄስ ያላስቀረውን መጽሐፍ አስቀረው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ወልደ ኢየሱስ የመጨረሻውን ጥራዝ አንብቦ ጨርሶ፣ ለሚስቱም በኽምጥኛ ተርኮላት፣ «ይኸው ለልጅሽ» ብሎ ገበያ መሃል ሲያስረክባት የሺመቤት ብዙም አላሰበችም። እሷ አነበበችው፤ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው፤ ክዳኑን ገጠመች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ቆርቆሮውን ሰው ያነሣው ይመስላታል፤ እየደጋገመች ታየዋለች፣ ትጠርገዋለች፣ ቦታ ትለውጥለታለች።

አሁን አመተ ሥላሴ ከሁለቱ ወንዶች ተለይታ ቀረብ አለቻት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ የሺ፣ እኔ ተዛውሬያለሁ። ሰኞ ሰሃላ ነኝ። እዚያ መኪና በወር አንዴ ቢመጣ ነው፤ ጥራዝ አይደርሰኝም። ያቺ ልጅ ደመናዋን ታግኝ አታግኝ ሳላውቅ ልሂድ? የወለዱት ሴቶች ሳይቀሩ አልጋ ላይ ሆነው ይጠይቁኛል፤ እኔ ነኝ ያስጀመርኳቸው።»

«አፈላልጋለሁ» አለች የሺመቤት።

«አፈላልጊ» አለ ደግሰው። «እስከ እሑድ ነው። ከዚያ ምንዋጋው ቤት ይፈትሻል።»

«ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አልፈትሽም» አለ ምንዋጋው። ሦስቱም እየተቀላለዱ ቁልቁለቱን ወረዱ።

የሺመቤት ከበሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ድካሙ ከአጥንቷ የመጣ መሰላት። ልጅን መጠበቅ፣ ቆርቆሮ መጠበቅ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር መደንገጥ፣ ሰው ሲስቅላት ዓይን መስበር። ይቺን ነርስ ሰሃላ ድረስ እንዲህ ልሸኛት? ነገም ይመጣሉ፣ ከነገ ወዲያም። ተነሣች፤ ክዳኑን ከፈተች፤ ጥራዙን አውጥታ ጓዳ ገባች።

«እንኪ» አለች። «ደርሷል።»

ዓይናዲስ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ጥራዙን ግን አልተቀበለችም። ፊቷ ጠቆረ።

«ለምን አወጣሽው?»

«ምን?»

«ደህና ተቀምጦ አልነበር? ለምን አወጣሽው ነው የምልሽ!»

የሺመቤት ጥራዙን እንደ ዘረጋች ቀረች። «ታውቂ ነበር?»

«ወልደ ኢየሱስ ባገኘኝ ቁጥር ‹ለእናትሽ ሰጥቻለሁ፣ አነበብሽው ወይ?› ይለኛል። ደግሞስ ማር የሌለበትን ቆርቆሮ ሲነጋ ሲመሽ የሚጠርግ ማን አለ?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

ዓይናዲስ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«ለይታየሽ ምን ልበላት? መጽሐፉ አላለቀም ስላት ትሰድበኛለች፣ ትስቅብኛለች፣ ግን ታልፈኛለች። እንሂድ ያልኳት እኮ እኔ ነኝ። ሰውዬውን ፈልጊ ያልኳት እኔ ነኝ። ቀድመው ከሄዱት ልጆች አንዷ ከመንገድ ደወለች። ድምፅዋ ድምፅዋ አልነበረም፣ እማ። ፈራሁ ብዬ ልንገራት? እኔ? ቆርቆሮው ውስጥ እስካለ ድረስ ምንም ማለት አልነበረብኝም።»

ደስታ መምጣት ነበረበት። የሺመቤት ጠበቀችው፤ አልመጣም። የመጣው ሌላ ፍርሃት ነው። ልጄን ያስቀረውን ነገር በገዛ እጄ አወጣሁት!

«ልመልሰው?» አለች በችኮላ። «ሰው አላየም። አሁኑኑ ልክተተው?»

ዓይናዲስ ቀና ብላ አየቻትና ሳቅ አመለጣት። ስትስቅ ዓይኗ ሞላ።

«አመተ ሥላሴ ሰኞ መንገደኛ ናት እኮ። ያለችውን ሰምቻለሁ። እሷንም እናግት? አምጪው።»

በርጩማው ላይ እንደ ተቀመጠች ማንበብ ጀመረች። የሺመቤት ሥራ ያላት መስላ ወዲያ ወዲህ አለች፤ ዓይኗ ግን ከልጇ ፊት አልተነሣም። ሁለት ማር ገዢዎች መጥተው ሄዱ፤ አንደኛው የተመረጠለትን ትቶ ሌላ ሲያማርጥ እንኳ አልተከራከረችውም። ዓይናዲስ መጨረሻው ላይ ደረሰች። ነፋሲት ደመናዋን ታገኘዋለች፤ ነገር ግን ዝናቡን ሁሉ ሌላ አገር ጨርሶ፣ እንደ አሮጌ ነጠላ ሳስቶ ነው። እሷም ታቅፋው አገሯ ትመለሳለች።

«ይዛው ተመለሰች» አለች ዓይናዲስ።

«ተመለሰች።»

«ምን ያደርግላታል? ጠብታ እኮ የለውም።»

«እንጃ። የአባቷ ነዋ። እኔ እንኳ ጸሐፊዎቹን አላመንኳቸውም፤ አምስተኛ ክፍል ይጽፉና እዚያ ይገድሏታል።»

ዓይናዲስ ጥራዙን ዘግታ ጉልበቷ ላይ አኖረችው፤ ስልኳን አነሣች። የሺመቤት ልትወጣላት ፈለገች፤ ነገር ግን ቆማ ሰማች።

«ይታየሽ… አዎ አለቀ። አሁን ጨረስኩት… አይ። አልመጣም… ሌላ መጽሐፍ አይደለም ባክሽ። ፈርቼ ነው… አዎ፣ እኔ… ሳቂ፣ ግድ የለም… እቴ፣ አንቺም ተይው። ስሚኝ፣ ቢያንስ ለእናትሽ ሳትነግሪ… ይታየሽ? ሃሎ?»

ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። «ዘጋችብኝ።»

የሺመቤት ተመስገን ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ከርሞስ? ዝናቡ ቢቀር፣ ሥራ ቢጠፋ፣ ከርሞ ደግሞ ብትነሺ?»

«እማ፣ ዛሬን አሳድሪኝ።»

«እሷስ? ብቻዋን ልትሄድ ነው?»

«እንጃ። ነገ እናቷ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። እየፈራሁም ቢሆን እነግራቸዋለሁ።»

ነጠላዋን ጣል አደረገች፤ ጥራዙን በእጇ ያዘች። «ለአመተ ሥላሴ ላድርስ» ብላ ወጣች።

የሺመቤት ተከትላት ደጃፉ ላይ ቆመች። ከቤቱ በታች መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ታች መናኸሪያው ነው፣ ወደ ላይ ጤና ጣቢያው። ልጅቷ ልብስ አልያዘችም፤ ገንዘብም አልያዘችም፤ ስልኳን እንኳ በርጩማው ላይ ትታዋለች። ይህን ሁሉ የሺመቤት አየች። እንዲያም ሆኖ መገንጠያው እስክትደርስ ትንፋሿን ያዘች። ዓይናዲስ ወደ ላይ ታጠፈች። የሺመቤት ነጠላዋ ከቤቶቹ መሃል እስኪጠፋ ድረስ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።